ለአንድ ሰው የሚበቃ የበረዶ ድንኳን

ሃውኪኒዬሚ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2011

ለተወደድሽው የአጎቴ ልጅ ልጅ ለኢርያ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤና ከቤትሽ፣ የተፈለጠ እንጨት ከደጅሽ አይታጣ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ በሁለት እግሬ እሄዳለሁ፣ በራሴ ጥርስ የአጃ ዳቦ እበላለሁ።

ይህን መጻፍ የነበረብኝ ለአባትሽ ነበር። ግን ቬይኮ ካለፈው ገና ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈልኝም። የፋሲካ ካርድ ላክሁ፣ ዝም። የልደቱን ላክሁ፣ ዝም። ከልጅነቱ ጀምሮ እጁ ለመንጠቆ እንጂ ለብዕር አይታዘዝም፤ ስለዚህ አልተቀየምኩትም። ይህኛው ጉዳይ ግን መልስ ስለሚያስፈልገው በአንቺ በኩል ልሞክር አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ኤፕሪል ሳንባዬን ታምሜ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛሁ። ሐኪሙ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው፤ ቢሆንም ቆፍጠን ብሎ «ከእንግዲህ ነፋስ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ማጥመድ የለም» አለኝ። ልጄ ፓይቪ ደግሞ ከኩዎፒዮ ከተማ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «አባዬ፣ አንድ ጊዜ ከደገመህ ቤቱ ይሸጣል፣ አንተም እኔ ጋ ትገባለህ» አለች። አነጋገሯ የቁጣ አልነበረም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። አፓርታማዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያ ነው። እኔ ሰባ አምስት ዓመት ሙሉ የፒዬሊነንን ሐይቅ እያየሁ የነቃሁ ሰው፣ በስተርጅና ተነስቼ መኪና ልቆጥር ነው ማለት ነው።

ከፓይቪ ጋር ተከራክሬ አንድ ክረምት አገኘሁ። ይህን ክረምት ሳልታመም ከጨረስኩ ቤቴ ውስጥ እቆያለሁ። ሐይቁ በረዶ ሲሆን ላዩ ላይ ወጥቼ ማጥመድ የምችለው ግን ድንኳን ውስጥ ከተቀመጥኩ ብቻ ነው።

እዚህ አገር፣ አባትሽ እንደነገረሽ፣ ሰው በረዶውን ሰርስሮ ቀዳዳው ዳር ሳጥኑ ላይ ይቀመጣል፣ ጀርባውን ለነፋስ ይሰጣል፣ በቃ። ድንኳን ያለው ሰው ይሳቅበታል። የዓሣ አጥማጆች ክበባችን ሊቀመንበር ኮስቲ ወሬውን ሲሰማ በመንደሩ ሱቅ ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ታውኖ ሙሽራ ሆነ እንዴ? መጋረጃ ይፈልጋል አሉ!» አለኝ። «ሙሽራ ብሆንማ አንተን ሚዜ አላደርግህም፣ ድግሱን ብቻህን ትጨርሰዋለህ» አልኩት። ሰዉ ሳቀ፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ እራት አልበላልኝ አለ።

አንቺ ባሕር ማዶ የምትሠሪበት ሱቅ እነዚህን ነገሮች እንደሚሸጥ አውቃለሁ። አንቺ ትሸጫለሽ፣ ቬይኮ ደግሞ ውስጣቸው ይቀመጣል። ስለዚህ ምርጫው የእሱ ይሁን። ለአንድ ሰው የሚበቃ፣ ሐይቁ ላይ እስካለችው ደሴት ድረስ ብቻዬን ጎትቼ የማደርሰው የትኛው ነው? እሱ ራሱ የያዘው የትኛው ነው? ጠይቂውና ጻፊልኝ።

አምላክ ጣራሽን ከበረዶ ክብደት ይጠብቅልሽ።

ታውኖ

—

ተንደር ቤይ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2011
(ይህ ደብዳቤ አልተላከም)

አጎቴ ታውኖ፣

አባባ ሞቷል። የሞተው ፌብሩዋሪ 12 ቀን ሐይቁ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ነው። የቀበርነው በሳምንቱ ነው። ያኔውኑ ልጽፍልዎት ነበር፤ አንድ ሳምንት ልቆይ አልኩ፣ ከዚያ የፋሲካ ካርድዎ መጣ፣ ከዚያ የልደቱ። ካርዱ ላይ «መቶ ዓመት ኑርልኝ፣ ማን ቀረኝ ካንተ ሌላ» ብለው ነበር። ለዚህ ምን ተብሎ ይመለሳል?

ድንኳኑን የገዛሁለት እኔ ነኝ። ከሱቃችን፣ የሠራተኛ ቅናሽ ተደርጎልኝ፣ ለልደቱ። በጣም ወፍራሙን፣ በጣም ሞቃቱን መረጥኩለት። የጋዝ ማሞቂያውንም የመረጥኩት እኔው ነኝ። የአየር ማስገቢያዎቹን በኮፍያውና በጓንቱ ወትፎ ዘግቷቸው ነበር። ጭሱ አፈነው።

አሁን እርስዎ የትኛውን ልግዛ ብለው ጠየቁኝ

—

ተንደር ቤይ፣ ኖቬምበር 27 ቀን 2011

ለተከበሩት አጎቴ ታውኖ፣

ሰላምታዬ ከነሙሉ አክብሮቴ ይድረስዎት። ሳንባዎ በርትቶ፣ ጉልበትዎ ተመልሶ ስለሰማሁ አምላክን አመሰገንኩ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህም ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ መያዝ ጀምሯል።

ስለ ድንኳኑ የጠየቁትን በዝርዝር ልመልስ። ለአንድ ሰው የሚሆኑት ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው በረዶ ላይ ከሚጎተት ገንዳ ጋር አንድ ላይ የተሠራው ነው። ወንበሩ ገንዳው ውስጥ ነው፤ ቦታዎ ሲደርሱ ይቀመጡና ጨርቁን ከኋላ ወደ ፊት በራስዎ ላይ ይገለብጡታል። ለመዘርጋት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ዓሣው ቦታ ሲቀይር አብሮ ለመነሳት የሚመች ነው። ክፋቱ ክብደቱ ነው። ከበረዶ መሰርሰሪያውና ከስንቅዎ ጋር ሃምሳ ኪሎ ይጠጋል፤ አዲስ በረዶ በወደቀበት ቀን ደሴቲቱ ድረስ አይሄድልዎትም።

ሁለተኛው እንደ ጃንጥላ ጎኖቹ ተስበው የሚወጠሩት፣ ነጠላ ጨርቅ ነው። ተጠቅልሎ በትከሻ ይያዛል፤ አሥር ኪሎ አይሞላም። ነፋስ ያስቆማል፣ ብርድ ግን አያስቆምም። ከላይ ሁለት የአየር ማስገቢያዎች አሉት። በአራቱ ማዕዘን ወደ በረዶው የሚጠመዘዙ ካስማዎች አሉት፤ ሳይቸነከሩ ከተቀመጡ ነፋስ ይዞዎት ይሄዳል።

ሦስተኛው ሁለተኛውን ይመስላል፣ ነገር ግን ጨርቁ ድርብ ሆኖ መሃሉ ጥጥ ተሞልቷል። ይሞቃል። ክብደቱ አሥራ ስምንት ኪሎ ነው።

አባባ ሁለተኛውን ይግዛ ይላል። የሳንባ ጠላቱ ነፋሱ ነው፤ ብርዱን በልብስ መከላከል ይቻላል ይላል። ማሞቂያ አያስፈልገውም፣ የአየር ማስገቢያዎቹንም አይንካ ብሏል። ሰላም ብሎዎታል።

አክባሪዎ ኢርያ

—

ሃውኪኒዬሚ፣ ዲሴምበር 11 ቀን 2011

ለኢርያ፣

በያለሽበት ሰላም ይብዛልሽ። እንዲህ ጥንቅቅ ያለ ደብዳቤ ከቤተሰባችን ሲወጣ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሁለቴ አነበብኩት። የድንኳኑን ነገር በደንብ ገባኝ። ያልገባኝ አባትሽ ነው።

ቬይኮ ነው ነጠላውን ግዛ ያለው? ማሞቂያ አያስፈልግህም ያለው ቬይኮ ነው? ልጄ፣ እኔ ቬይኮን አውቀዋለሁ። አንድ አልጋ ላይ እግርና ራስ ሆነን ያደግን ነን። ሙቀት ሲወጣ ካየ ገንዘብ የተሰረቀ ነው የሚመስለው። ፍሙ ላይ ሰማያዊ ነበልባል እየጨፈረ የምድጃውን የጭስ ክዳን የሚዘጋ ልጅ ነበር፤ እናቴ ስንት ቀን በማማሰያ እጁን መትታዋለች። አንድ የጥር ጠዋት ሁላችንንም ራሳችንን አዙሮን፣ በሸሚዝ በረዶ ላይ ወጥተን ተንጋለልን። «ምነው፣ ሞቋችሁ አይደል?» ነበር ያለው። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ተነስቶ ቀዳዳውን ክፍት ተወው ሊለኝ? እርጅና ሰው ይቀይራል ቢባልም፣ እንዲህስ አይቀይርም።

ወይ አልጠየቅሽውም፣ ወይ ታሞ ትደብቂኛለሽ። እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆን ንገሪኝ፤ የኔም ይንቀጠቀጣል፣ ፊደሌን እያየሽው ነው። አንድ ቃል በእጁ ይጻፍልኝ። «ወፍራሙ» ወይም «ስሱ»። ሌላ አልፈልግም።

ዛሬ በረዶው አሥራ ሁለት ሴንቲ ሆኗል። ኮስቲና ሌሎቹ ከትናንት ጀምሮ ወጥተዋል። በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ሁሉም ተበታትነው ተቀምጠዋል። ፓይቪ በየማታው እየደወለች «ወጣህ እንዴ?» ትለኛለች። «አልወጣሁም» እላታለሁ፣ እውነቴን ነው። ስታበዛብኝ ማታ ማታ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው እነቅለዋለሁ። እንዲህ ሆኜ ክረምቱን ከምጨርሰው ብታመም ይሻለኝ ነበር ያልኩበት ቀን አለ። ለአባትሽ ይህን አትንገሪው።

ለገና ሰላሙን ያውርድልሽ።

ታውኖ

—

ተንደር ቤይ፣ ዲሴምበር 30 ቀን 2011

ለተከበሩት አጎቴ ታውኖ፣

መጪው ዓመት የጤናና የሰላም ይሁንልዎት። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ በገና ሰሞን ሱቁ ፋታ አይሰጥም።

አባባ እጁን ስለሚያመው መጻፍ አልቻለም። ምክሩ ግን ያው ነው። ስሱን ይግዙ። ማሞቂያ አይግዙ። የአየር ማስገቢያዎቹን ክፍት ይተዉ። ቀለሙን ከመረጡ ብርቱካንማ ይሁን፤ ነጭና ግራጫውን በረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር የሚነዱት ልጆች ከሩቅ አያዩትም።

ካልሲ ሁለት ይደርቡ። ከወንበርዎ ሥር የአጋዘን ቆዳ ያንጥፉ።

አክባሪዎ ኢርያ

—

ሃውኪኒዬሚ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2012

ለኢርያና ለአባትሽ፣

ደስታ ከዚህ ቤት ሞልቶ ፈሶ ወደናንተ ይድረስ። ዛሬ በጥሩ ቀለም ነው የምጽፈው።

ከኑርሜስ ከተማ አንድ ባለሱቅ ወፍራሙን ድንኳን ከነማሞቂያው ለአንድ ወር ሞክረው ብሎ ሰጥቶኛል። ካልተስማማኝ እመልሳለሁ። አትቆጡ። ምክራችሁን ንቄ አይደለም። ግን ቬይኮን እንደኔ የሚያውቀው የለም፤ በልቡ የሚመርጠው ይህንኑ ነው። ሐኪም አስፈራርቶት ይሆናል እንጂ።

ሐሙስ ዕለት አወጣሁት። ደሴቲቱ ድረስ ሁለቴ አርፌ ጎተትኩት። ስዘረጋው ሁሉም ዞሮ ያየኛል። ገባሁ፣ ዚፑን ዘጋሁ፣ ሁለት ቀዳዳ በረዶው ላይ ቆፈርኩ፣ ማሞቂያውን ለኮስኩ። ኢርያ፣ በሸሚዝ ተቀመጥኩ! ከውጭ ሃያ ሁለት ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ እኔ በሸሚዝ! እንደ ጳጳስ ተንደላቅቄ አሥራ አራት ባለመስመር ዓሣ አወጣሁ።

ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ትንሽ ነፋስ ይገባ ነበር፤ ከቦት ጫማዬ ውስጥ የሱፍ ገበሮቹን አውጥቼ ወተፍኳቸው። ልክክ አሉ። ቬይኮ ቢያየኝ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኝ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ኮስቲ መጥቶ ጨርቁን በጣቱ አንኳኳ።

«ሙሽራዋ አለች?» አለ።

«ገብተህ ዝጋ፣ ሙቀቱን አታስወጣብኝ!» አልኩት።

ገብቶ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ሙሉ አልወጣ አለ። ሲወጣ «ለማንም እንዳትናገር» አለኝ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እወጣለሁ። ፓይቪም አየችው፤ በሩን ከፈት አድርጋ እጇን አስገባችና «ይሞቃል» ብላ ዝም አለች። ያች ልጅ ዝም ካለች ተስማምታለች ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ራሴን ከፍሎ ያመኛል፣ ቡና አብዝቼ ነው መሰለኝ። ሌላ ጤና ነኝ። ሳል የለም።

ለቬይኮ ንገሪው፣ ወፍራሙን ነው የያዝኩት በይው። ይስቅ እንደሆነ ጻፊልኝ።

ታውኖ

—

ተንደር ቤይ፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 2012
(በፈጣን መልእክት)

አጎቴ ታውኖ፣

ይህን ሲያነቡ ድንኳኑ ውስጥ ከሆኑ አሁኑኑ ይውጡ። ቤት ከሆኑ ይቀመጡ።

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ወዲያው ደወልኩልዎት። «ማን ሞተ?» አሉኝ። «ማንም አልሞተም» አልኩ። «ታዲያ ስልክ ለእሳትና ለሞት ነው፣ ይህ ውድ ነው፣ ጻፊው» አሉ። ቀዳዳዎቹን ይክፈቱ እያልኩ እጮህ ነበር፤ «እሺ እሺ፣ ለቬይኮ ሰላም በይ» ብለው ዘጉት። ከዚያ ስድስት ጊዜ ደውያለሁ፣ የሚያነሳ የለም። እዚያ መሽቷል፣ ገመዱን ነቅለውታል መሰለኝ። የፓይቪ ቁጥር የለኝም። የፖስታ ቤቱ ሰዎች በሦስት ቀን እናደርሳለን ብለውኛል፤ እስከዚያ መደወሌን አላቆምም።

በስልክ የነገርኩዎት ውሸት ነው። አባባ ሞቷል። ባለፈው ዓመት ፌብሩዋሪ 12 ቀን ነው የሞተው። አንድም ምክር አልሰጠዎትም። ሁሉንም ከራሴ ነው የጻፍኩት።

ወፍራሙን ድንኳን ለልደቱ የገዛሁለት እኔ ነኝ። እርስዎ ያሉትን ዓይነት ማሞቂያም። የአየር ማስገቢያዎቹን በኮፍያውና በጓንቱ ወትፏቸው ነበር። እሱም ከመሞቱ በፊት ባለው ሳምንት ራሴን ከፍሎ ያመኛል ይል ነበር፣ እሱም ቡናውን ነበር የሚከሰው። ለቅዳሜ ምሳ ሳይመጣ ቀረ፤ ጎረቤቱ ሄዶ ዚፑን ሲከፍት አባባ ወንበሩ ላይ አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ተኝቷል ብሎ ቀስ ብሎ ሊዘጋው ነበር። ውስጡ ሞቃት ነበር አለኝ። ያን ቃል ሁልጊዜ እሰማዋለሁ።

ለምን እንዳልነገርኩዎት ብነግርዎት ምክንያት አይሆንም። መጀመሪያ አልቻልኩም። በኋላ አፈርኩ። ከዚያ እርስዎ ከሁሉ ነገር ድንኳን አስመርጪልኝ ብለው ጻፉ። አባባ ከሞተ ወዲህ ሱቅ ውስጥ ለሰው አንድም ድንኳን አልመረጥኩም። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ሌላ ልጅ እጠራለሁ። የአባባን ስም የተጠቀምኩት ከእኔ ይልቅ እሱን ይሰማሉ ብዬ ነው። አልሰሙም፤ እሱን በደንብ ስለሚያውቁት።

ገበሮቹን ያውጡ። እባክዎን ያውጧቸው። እኔን ሊጠሉኝ ይችላሉ፣ ግን በሕይወት ሆነው ይጥሉኝ።

ኢርያ

—

ሃውኪኒዬሚ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2012

ለኢርያ፣

ከአንድ ሳምንት በኋላ መልስ እሰጥሻለሁ ብዬ ነበር፤ ሦስት ሆነ። እንዳለሁ በሦስት ቃል በፈጣን መልእክት ካርድ ልኬልሻለሁ።

የስልኩን ገመድ መልሼ አልሰካሁትም ነበር፤ ደብዳቤሽ አርብ ዕለት ደረሰ። ፖስታ የምታድለው ሲርካ፣ «አስቸኳይ» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ አይታ ከሳጥኑ አልተወችውም፤ በበረዶ ሞተር ደሴቲቱ ድረስ ይዛልኝ መጣች። ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። ማሞቂያው እየነደደ። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩና ወጣሁ። ሲርካ ክንዴን ያዘችኝ። የቀረውን ደጅ ቆሜ አነበብኩት። «ምን ተባለ?» አለችኝ። «ቬይኮ ሞተ» አልኳት። «መቼ?» አለች። «አምና» አልኩ። ገብታ ማሞቂያውን አጠፋች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ተናድጄብሽ ነበር። ልደብቅሽ አልፈልግም። አንድ ዓመት ሙሉ ለሞተ ሰው ካርድ አስጻፍሽኝ። እጁን ያመዋል ስትይኝ ቅባት ልልክለት ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው። ሳየው እናደዳለሁ። ለፓይቪ ስነግራት እሷም በአንቺ ተናደደች፣ ከዚያ በእኔ ተናደደች፣ ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። ድንኳኑን በዚያው ቀን ለባለሱቁ መለስኩ። ቤቱ ከማርች መጨረሻ በፊት ይሸጣል ወይስ አይሸጥም የሚለው ንግግርም እንደገና ተጀመረ።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ያሉኝን ደብዳቤዎች ሁሉ አውጥቼ በቀናቸው ደርድሬ አነበብኳቸው። ኖቬምበር ላይ «የአየር ማስገቢያዎቹን አይንካ» ብለሻል። ዲሴምበር ላይ «ክፍት ይተዉ» ብለሻል። ሁለት ጊዜ ነገርሽኝ። ሁለቱንም አንብቤያለሁ፣ ዓይኔ ደህና ነው። አንብቤም ገበሮቼን አውጥቼ ወተፍኳቸው፤ ያደረግኩትንም እየተኩራራሁ ጻፍኩልሽ።

ስለዚህ እስቲ አስቢው። ለአባትሽ አንድ ሺህ ጊዜ ብትነግሪው ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? ኮፍያውን የወተፈው እሱ ነው። አንቺ ከነፋስ የሚያስጥለው ሰጠሽው። ቬይኮን የገደለው ልጁ የገዛችለት ስጦታ ነው ብዬ እንዳምን ከሆነ የምትፈልጊው፣ አላምንም፤ እኔ ራሴ ያው ነገር ውስጥ ተቀምጬ፣ ተነግሮኝ፣ ያውም በገዛ እጄ ዘግቼ ተርፌያለሁና። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፣ የማጽናናት ችሎታ የለኝም። ሆኖ ስላየሁት ነው።

አልቅሻለሁ። ሳውና ውስጥ፣ የመታጠቢያው እንፋሎት መሃል፣ ብቻዬን። በቤተሰባችን ወንዶች የሚያለቅሱት እዚያ ነው፤ ሁሉም ነገር እርጥብ ስለሆነ አያስታውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ሐይቁ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ በረዶ ይዞ ይቆያል። ፓይቪ አንድ ዕድል ሰጥታኛለች፣ የመጨረሻ ነው ብላለች። አንድ ድንኳን ልገዛ ነው፣ እዚህ ያለው ባለሱቅ ሁሉንም ዓይነት ያመጣልኛል። ቬይኮን አልጠይቅም። ኮስቲንም አልጠይቅም። አንቺን እጠይቃለሁ። አንቺ ምረጪልኝ፣ በራስሽ ስም ጻፊልኝ። የመረጥሽውን እገዛለሁ፣ እንዳልሽውም እቀመጥበታለሁ።

ታውኖ

—

ተንደር ቤይ፣ ማርች 4 ቀን 2012

አጎቴ ታውኖ፣

ጤናዎን እመኛለሁ። ደብዳቤዎ ረቡዕ ደረሰኝ። 

አርብ ዕለት የሱቁን ባለቤት ስሱን ድንኳን ለአንድ ቀን እንዲያውሰኝ ጠየቅኩት። «ለማን ነው?» አለኝ። «ለእኔ» አልኩት። ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቅ መኪናዬ ላይ ጫነልኝ።

ትናንት ጠዋት ሐይቁ ላይ ወጣሁ። አባባ የነበረበት ቦታ አልሄድኩም፤ ከዚያ ራቅ ብዬ፣ ሰው ከሚቀመጥበት አጠገብ ነው የዘረጋሁት። ከአሥራ ሦስት ወር በኋላ በረዶ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ጎኖቹን ለመወጠር አራት ደቂቃ ፈጀብኝ። ጓንት አድርጌ ነው የሞከርኩት፣ እርስዎም እንደዚያ ስለሚያደርጉ። የመጨረሻው ጎን ጠንክሮ ያስቸግራል፤ ከውስጥ ሆነው በጉልበትዎ ይግፉት። ካስማዎቹን በነፋሱ በኩል መጀመሪያ ያስገቡ። ዚፑ ሲበርደው ይነክሳል፤ ሻማ ይቀቡት።

ገብቼ በሩን ዘጋሁት። መጀመሪያ ላይ እጄ ዚፑን አልለቅ አለ። ቀና ብዬ ሁለቱን ቀዳዳዎች አየሁ፤ ሰማይ ይታይባቸዋል። ከዚያ ተቀመጥኩ። ውስጡ ከውጭው ሰባት ዲግሪ ያህል ይሻላል፣ ከዚያ አይበልጥም። እግርዎን ይበርድዎታል። ሳንባዎን ግን ነፋስ አይነካውም፤ ውጭ ነፋሱ በረዶ እያበነነ ነበር፣ የያዝኩት ክብሪት ግን ውስጥ ሆኖ እስከ ጫፉ ነደደ።

አራት ሰዓት ተቀመጥኩ። ዓሣ አልያዝኩም፣ መንጠቆም አላወረድኩም። አባባን አሰብኩት፤ ጮክ ብዬም ተናገርኩት፣ ስለ ኮፍያው ተቆጣሁት። ሲበቃኝ ከፍቼ ወጣሁ፣ ድንኳኑንም ራሴ አጣጥፌ ወደ መኪናው ተሸከምኩት። ዛሬ ጠዋት ሱቅ ውስጥ አንድ ሰው መጥቶ ለሚስቱ የሚሆን ድንኳን ጠየቀኝ፤ ሌላ ልጅ አልጠራሁም።

ብርቱካንማው፣ ነጠላ ጨርቅ፣ የአንድ ሰው፣ ባለ ሁለት አየር ማስገቢያው። እኔ መርጬዋለሁ። ይግዙት፣ ይቀመጡበት፣ ማታ ማታም ወደ ቤትዎ ይግቡ።

ኢርያ